የጎረቤት ድርሻ

ነፊሳ እህቴ፣ አገራችን አርብ ገበያ እንዴት ይዟችኋል?

በካርዱ ጀርባ ያለው ሐይቅ የሐዋሳ ነው፤ እኔ ግን ከልጄ ኩሽና አልወጣሁም። ለልጅ ልጄ ክርስትና ድፎ ልጋግር ብል ምራቴ ርብቃ፣ «እማዬ፣ ኦቭን የለንም፤ ከዳቦ ቤት እናዛለን» አለችኝ። «እናትሽ አንቺን ስትድር ኦቭን ነበራት?» አልኋት።

እኛ ቅጠሉን እንኳ ለዳቦ ቆጥበን የምንቆርጠው ኮባ እዚህ ሞልቷል፤ ሰዉ ግንዱን ፍቆ ይበላዋል። ሊጡን በኮባ ጠቅልዬ በብረት ድስት ከተትሁት፤ ከታች የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከክዳኑ ላይ የከሰል ፍም። ኮባው ሲገለጥ የሸተተኝ ያንቺ ጓሮ ነው። ጉልበት ሳለን እሳቱ ላይ አጎንብሰን የሳቅነው ሳቅ ሁሉ መጣብኝ።

ቄሱ ባርከው ከቆረሱ በኋላ፣ እንደ ልማዳችን የጎረቤት ድርሻ ይዤ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳሁ። አንዲት ሴት ገርበብ አድርጋ፣ «እማማ፣ ዛሬ አንገዛም» ብላ ዘጋችብኝ። ሻጭ መሰልኋት! አንቺ ብትሆኚ በአጥሩ ላይ እጅሽን ዘርግተሽ፣ «ቅርፊቱንስ ለማን ደበቅሽው?» ትይኝ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ድርሻሽን እኔው በላሁት።

በእርጅና ፊደል የለመደ እጅ ቦታ ይፈጃል፤ ካርዱ አለቀብኝ። ልጅሽን ሙሂዲንን ሰላም በይልኝ፤ ይህን የምታነብልሽን ፈይሩዝን ጉንጯን ሳሚልኝ። እስክመለስ እንዳትሞችብኝ።

ተሾመች