ጥቁሩ ቅጠል ካለቀ በኋላ

ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን

ለምወድህ ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከረምክ? የዚያ አገር ብርድ ጉልበትህን እንዴት አድርጎት ይሆን፣ ልጅህ የገዛልህ ካፖርትስ ያሞቅህ ይሆን እያልኩ ሳስብ እውላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ አልፎ አልፎ ቢይዘኝም ከሥራ አላስቀረኝም። ድመትህ ከጎረቤቶቹ ጋር ተላምዳለች፤ እኔን ስታይ ግን ፊቷን ታዞርብኛለች። የሰማችው ነገር ያለ ይመስል።

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱን ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ቁፋሮ ጽፌ ጽፌ፣ ዋናው ነገር ላይ ስደርስ ቀደድኳቸው። ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ። ሳልጨርስ አልነሳም። ከሥሩ ካልጀመርኩ አልችልበትምና ታገሠኝ።

ከወንዙ ማዶ ያለው ትምባሆ ፋብሪካ የተዘጋ ጊዜ ያልከኝን ታስታውስ ይሆናል። “ለሠራተኞቹ ያሳዝናል እንጂ የነሱን ቆርቆሮ እኔ ገዝቼ አላውቅም” አልክ። ሰው ሁሉ ያለው እንደዚያው ነበር። ስማቸው የተጻፈባቸው አራት ዓይነት ቆርቆሮዎች ከመደርደሪያ ላይ ይጠፋሉ፣ ወዳጆቻቸው ለጥቂት ጊዜ ያዝናሉ፣ በቃ።

እኛ ትምባሆ ቀማሚዎቹ ብቻ ነበርን የደነገጥነው። ያ ፋብሪካ ከጓሮ በኩል አንድ ክፍል ነበረው። እዚያ ቅጠሉን ለቀናት በእንፋሎት ያበስሉታል፤ ከዚያ በከባድ መጭመቂያ ሥር እንደ ሬንጅ እስኪጠቁር ድረስ ያስተኙታል። ሲወጣ የደረቀ ፍራፍሬና ያረጀ ቆዳ ይሸታል። ያንን ጥቁር ቅጠል በራሳቸው ቆርቆሮ ውስጥ ጥቂቱን ነበር የሚያስገቡት። የቀረውን ለእኛና ለሌሎች ቀማሚዎች ይሸጡት ነበር። ሱቃችን ከሚሸጣቸው አሥራ አራት የፒፓ ትምባሆ ቅይጦች አሥራ አንዱ ውስጥ አለ። አንዱ ውስጥ ሲሶው እሱ ነው፤ ሌላው ውስጥ አንድ ጭብጥ ብቻ። ያቺ ጭብጥ ስትኖር ማንም አያያትም፤ ስትጠፋ ግን የቀሩት ቅጠሎች እርስ በርስ መስማማት ያቅታቸዋል።

ቁጥር ሰባት ደግሞ ያለሱ ምንም ነው። ቁጥር ሰባት ያንተ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት መቀመሚያው ጠረጴዛ ላይ ገና እንደቆምኩ፣ ሦስት ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠህ እያጨስክ “ትንሽ ጠቆር አድርጊው፤ አይ፣ አሁን አበዛሽው” እያልክ ነው የተወለደው። ፒፓ ከንፈሬ ላይ አስቀምጬ አላውቅም። እኔ በአፍንጫዬ፣ አንተ በምላስህ፣ ሁለት ሆነን ሠራነው። ከዚያ ወዲህ ሌላም ሰው ወዶታል፤ እኔ ግን በቀመምኩት ቁጥር ለአንድ ሰው ነበር የምቀምመው።

መጋዘን ውስጥ የቀረን ጥቁር ቅጠል አራት ወር አዳረሰን። አለቃዬ ምትክ ፍለጋ ያልዞረበት ቦታ አልነበረም። ያንዱ ቅጠል ኮምጣጣ ሆነ፤ ሌላው ስኳር ውስጥ ነክሮት ኖሯል። ለካስ ሌሎቹም ቀማሚዎች እንደኛው እየተሯሯጡ ኖሮ፣ ምትክ ይሆናል ያልነውን ሁሉ ተሻምተን ጨረስነው። ተራው ቀዩ ቅጠል እንኳ ከገበያ ጠፋ። ከዚያ ፋብሪካ ጋር ምንም ንክኪ ያልነበራቸው ሦስቱ ቅይጦቻችን ደግሞ የሚሠሩት በቀዩ ነበር። አንድ ቤት ተዘጋ ብለን ስናዝን የሁላችንም ጓዳ ተራቆተ።

አንድ ቀን አለቃዬ የሱቁን በር ዘጋና እኔን፣ ቆራጩንና አሻጊዋን ሰበሰበን።

“ቆርቆሮው ያው ነው፤ ስሙም ያው ነው” አለ። “የተገኘውን እንቀምማለን። እናንተም አልሰማችሁም፣ እኔም አልተናገርኩም።”

“ቁጥር ሰባትስ?” አልኩት።

“እሱንም።”

“ወንድሜ ያውቀዋል። የሻይ ላኪ ድርጅት ቀማሽ እኮ ነው! በአፍንጫው የሚኖር ሰው ነው።”

“እንግዲያው ጎበዝ አይደለሽ? እንዳያውቀው አድርገሽ ሥሪዋ።”

ወንድም ጋሼ፣ የሚያሳፍረኝ አለቃዬ ይህን ማለቱ አይደለም። ይህን ሲለኝ እኔን ደስ ያለኝ መሆኑ ነው። እልህ ያዘኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስቀምም፣ ስደፋ፣ ደግሞ ስቀምም ከረምኩና አንድ ቀን ሳሸተው መሰለኝ። አዎ፣ ቁጥር ሰባት መሰለኝ። እሑድ በእጄ ይዤልህ መጣሁ።

አንተ በረንዳው ላይ ነበርክ። ለኮስክ፣ ሁለቴ ሳብክ፣ ከዚያ ፒፓውን ከአፍህ አውጥተህ ውስጡን ተመለከትክ።

“ዛሬ ምን ሆኛለሁ?” አልክ።

“ምነው?”

“እንጃ፤ ጣዕሙ ጠፋብኝ። ቁጥር ሰባት አልመስል አለኝ።”

በዚያች ሰዓት “አይደለምም” ብልህ ኖሮ ትስቅ ነበር። “ያዝኩሽ!” ትለኝ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ “ጉንፋን ይዞህ ይሆናል” አልኩህ።

አፍንጫህን ነካ አድርገህ “ይሆናል” አልክ። አመንከኝ። ከእህትህ እጅ የሚወጣ ነገር ይበላሻል ብለህ ማሰብ አልቻልክም፤ ስለዚህ የተበላሸው አንተ ሆንክ።

ሁለተኛው ቆርቆሮ መጣ፤ ሦስተኛው መጣ። ፎጣ ተከናንበህ የፈላ ውኃ ላይ ስትታጠን አየሁህ። ሐኪም ዘንድ ሄደህ ምንም የለብህም ሲሉህ “ሐኪም የሚያየው ቀዳዳውን ነው፤ ሽታውን የት ያየዋል?” ብለህ አሳቅከኝ። ሳቅኩልህም።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። ከሥራ በቀጥታ ወደ እኔ መጥተህ ኩሽናዬ በር ላይ ቆምክ፤ ኮትህን እንኳ አላወለቅክም።

“ዛሬ አንድ ጭነት ሻይ ውስጥ እርጥበት ሸተተኝ” አልክ። “ምክትሌን ጠራሁት፤ ምንም የለም አለ። አሥራ ስድስት ኩባያ ቀመስኩ። አሥራ ስድስቱም ሸተቱኝ። እሱ ደግሞ አሥራ ስድስቱም ደህና ናቸው አለ። በመጨረሻ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ደህና ነው ብዬ ፈረምኩ።”

“ታዲያ ምን አለበት?” አልኩህ።

“ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው አፍንጫ ፈርሜ አላውቅም። ሳያዋርዱኝ በክብር ልውጣ እንጂ።”

እኔ ጀርባዬን ሰጥቼህ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ንጹሑን ብርጭቆ ደግሜ ደግሜ አጠብኩት። አፌን የያዘኝ ሰው አልነበረም፤ አለቃዬም እዚያ አልነበረም። አሁን ብነግረው “ያኔውኑ ለምን አልነገርሽኝም?” ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ሳምንት ባለፈ ቁጥር ነገሩ እየከበደኝ ሄደ። መልቀቂያህን ስታስገባ ዝም አልኩ። ቤቱን ስትሸጥና ልጅህ ዘንድ ልትሄድ ስትነሳም ዝም አልኩ። መጽሐፎችህን በካርቶን ስናሽግ አብሬህ ነበርኩ፤ እጄ ሲሠራ አፌ ተዘግቶ ነበር።

የስንብቱ ግብዣስ? ብርጭቆህን አንስተህ “የኔ አፍንጫ ጡረታ ወጥቷል፤ ግን ለእህቴ አውርሼያለሁና አልጠፋም” ስትል ሰው ሁሉ ወደኔ ዞሮ አጨበጨበ። እኔም የምሆነው ቢጠፋኝ አብሬ አጨበጨብኩ።

አንተ ከሄድክ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያ የጥርስ ሐኪም፣ ቁጥር አራትን የሚያጨሰው፣ ሱቅ ገብቶ ቆርቆሮውን ባንኮኒው ላይ ዱብ አደረገው።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ቁጥር አራት ነዋ ጌታዬ” አለ አለቃዬ።

“ቁጥር አራትን አሥራ ስምንት ዓመት አጭሼዋለሁ። ይሄ ሌላ ነው። ጥቁሩ የታለ?”

አለቃዬ ጉሮሮውን ጠርጎ “ምናልባት ጉንፋን ቢጤ…” ብሎ ሊጀምር ሲል ሰውየው፣ “ጉንፋን የለብኝም!” ብሎ ሱቁን በጩኸት ሞላው።

እኔ ከመጋረጃው በስተጀርባ መቀመሚያው ጋ ቆሜ ሰማሁ። ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሰው ጣዕሙ ሲለወጥበት ቆርቆሮውን ጠረጠረ። አንተ ራስህን ጠረጠርክ። ልዩነታችሁ ይህ ብቻ ነው፤ እሱ ቀማሚዋን አያውቃትም፣ አንተ ግን ታምናት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌሎችም አፍ አወጡ። አለቃዬ መግቢያው ላይ ወረቀት ለጠፈ፤ ጥቁሩ ቅጠል አልቋል፣ እነ ቁጥር አራትና ቁጥር ሰባት ከእንግዲህ አይሠሩም፣ የቀሩት ተለውጠዋልና ስማቸውም ተለውጧል ይላል። አሁን ያሉን አምስት ናቸው። ሰው ይቆጣል ብለን ስንፈራ፣ አንዳንዱ አንገቱን ነቀነቀ፤ አንዳንዱ እንደ ለቅሶ ቤት እጃችንን ጨብጦ ሄደ። አንድ ሰዓት ሠሪ ሽማግሌ ደግሞ ከአሥር ዓመት በፊት የገዛውን አሮጌ ቆርቆሮ አምጥቶ “እስቲ አሽትቱት፤ እንዲህ ነበራችሁ” አለን። ማንም አልሰደበንም። እውነቱን መናገር ይህን ያህል ቀላል እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ምን ያደርግልኛል!

እንዲህም ሆኖ አልጻፍኩልህም። ከዚያ በኋላ መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት የመሥሪያ ቤትህን ሥራ አስኪያጅ አገኘሁት። ያ አንተ እርጥበት ሸተተኝ ያልከው ሻይ ከባሕር ማዶ ተመልሶ መጥቷል። ሻግቷል ብለው ነው ገዢዎቹ የመለሱት። “በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያሸተተው እሱ ብቻ ነበር” አለኝ። “ምን ነክቶት ነው የፈረመው? በአፍንጫው ቆራጥ አልነበረም እንዴ?”

ምን እንደነካህ እያወቅኩ “እንጃ” ብዬው ተለየሁት።

ተመለስ አልልህም፤ የምትመለስበት ነገር የለም። ወንበርህን ምክትልህ ይዞታል። ቤትህን የገዙት ሰዎች መስኮቱን አረንጓዴ ቀብተው፣ በረንዳውን በመስታወት ዘግተውታል። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል፤ “ጉንፋን” በምትል በአንዲት ቃል ይህን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ፋብሪካው የዘጋው የራሱን በር ነው፤ ያንተን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ የልጅህ ሚስት ደውላልኝ ነበር። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ሾርባ ሠርታ ጨው ረስታው፣ ልጆቹ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ሲያጉረመርሙ አንተ ሳህንህን ጠራርገህ በላህ አሉ። ምነው አባባ ስትልህ “ለኔ ሁሉም አንድ ነው የኔ ልጅ” አልካት። “አባባ እንዴት ቀላል ሰው ናቸው! የሰጧቸውን ነው የሚበሉት” አለችኝ። አንተ! ከሁለት ቧንቧ የተቀዳ ውኃ ቀምሰህ ይሄ ከዚያ ሰፈር ነው የምትል ሰው! ስልኩን ዘግቼ ምሳዬን ደፋሁት። ከዚያ በኋላ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

አፍንጫህ ጤነኛ ነው ወንድም ጋሼ። አንድም ቀን አልታመመም። አንድም ቀን አልዋሸህም።

እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያጠፋሁትን ሁሉ ገና ተናግሬ ሳልጨርስ ነው “ተይው” የምትለኝ። ይህንን ግን ቶሎ ብለህ አትተወው። ተቆጣኝ። አንድ ወር ፍጀበት፣ ሁለት ወር ፍጀበት። ብትደውል ብዬ ሳይሆን እንዲያው ለማሳወቅ ያህል፣ ሱቁ አሁን ከሰዓት በኋላ ስለማይሠራ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ቤት ነኝ፤ እሑድ እሑድም የትም አልወጣም።

ጉልበትህን ያጽናልህ፤ የልጅ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ በሰው አገር ሞገስ አያሳጣህ። ደግሞ የልጅህን ሚስት ሳም አድርግልኝ፤ ደግ ናት። ዛሬ እራት ስታቀርብልህ መጀመሪያ አሽትተው፣ ቀስ ብለህ ቅመሰው። ጨው ካነሰው ዝም ብለህ እንዳትውጠው። ንገራት።

እህትህ