የፍሪዘሩ ገመድ

ጥር 6
ላብራቶሪ ዋልኩ። የግድግዳው ሶኬት አሁንም አልተሠራም... ስንቴ ልለምን? "በጀት የለም" ነው መልሱ። ፍሪዘሩ ከኮሪደር በተሳበ ኤክስቴንሽን ይሠራል። የቀድሞ አለቃዬ የጋሼ ባክቴሪያዎች ነፍስ በዚያች ገመድ ላይ ተንጠልጥላለች። ከባቄላ ሥር ለቅመው፣ ሃያ ዓመት ለፍተውባቸዋል። አፈሩን ስለሚያዳብሩ ገበሬው ዘሩን በነሱ ለውሶ ቢዘራ፣ ከውጭ የምናስመጣው ማዳበሪያ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ስወጣ ጋሼ ጋ ጎራ አልኩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ታመው አልጋ ላይ ናቸው። ገና ሳልቀመጥ፣ ስለ ባክቴሪያዎቹ፣ "ልጆቼ እንዴት ናቸው?"

"ከእኔም ከእርስዎም ይሻላሉ።" ሳቁ።

ጥር 9
ሰኞ "ምርምር ለኢኮኖሚ ዕድገት" የሚባል ኤግዚቢሽን አለ። ባለሥልጣናት ይመጣሉ። የሕዝብ ግንኙነቱ፣ አፈ ቅቤ የምንለው፣ መጥቶ ፍሪዘሩን ፎቶ አነሳ። "እህቴ፣ አገር የሚያድገው በእናንተ ነው እኮ" አለኝ። ሶኬቱንስ ማን ይሥራው? አልኩት። እየሳቀ ወጣ።

ጥር 13
ጠዋት በሩን ስከፍት ወለሉ ውሃ ብቻ... ዓርብ እኔ ከወጣሁ በኋላ ኤክስቴንሽኑን ነቅለው አዳራሽ ወስደውታል። ለትልቁ ስክሪን። ስክሪኑ ላይ የሚታየውስ? የእኛ ፍሪዘር ፎቶ።

አፈ ቅቤን ያዝኩት። "ፍሪጅ አይደል እንዴ? ሁለት ቀን ቢጠፋ ምን ይሆናል?" ልመታው ምንም አልቀረኝም።

ከሰዓት በኤግዚቢሽኑ አንደኛ ወጣን ተባለ። ዋንጫ፣ በጀት፣ ጭብጨባ። እኔም አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ?

ጥር 22
በሕይወት ካሉ ብዬ ባክቴሪያዎቹን ከየብልቃጡ ወስጄ ምግብ ባለው ሳህን ላይ ዘርቼ ነበር። አንድም አልበቀለም። መጠባበቂያ የለንም፤ ሁለተኛ ፍሪዘር ብንጠይቅ ማን ሰጠን? እንደገና እንዳልሰበስብ የባቄላው ማሳ ላይ ፎቅ ቆሟል። የሃያ ዓመት ልፋት ውሃ በላው።

ጥር 24
ለጋሼ ነገርኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ገመዱን መለሱት?"

"መለሱት።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አልቅሼ ወጣሁ።

መጋቢት 3
በጀቱ ተለቀቀ። አዲስ ፍሪዘር መጣ፣ ጀነሬተርም። ሶኬቱ እንኳ ተሠራ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ...

ጋሼ ጋ ስሄድ ስለ ልጆቻቸው አይጠይቁኝም። ስለ አየሩ እናወራለን።

ዛሬ የጽዳቷ ሠራተኛ የውሃ ጠርሙሷን ይዛ ፈራ ተባ እያለች፣ "እዚህ ፍሪዘር ውስጥ ባቀዝቅዘው ችግር አለው?" አለችኝ። ድሮ ቢሆን እጮህባት ነበር።

"አስገቢው" አልኳት። ቦታ እንደሆነ ሞልቷል።