ቆርቆሮው ላይ የወረወርሁት መንጋጋ

ውድ ምናሴ፣

ጉንጬ አብጦ ሙልሙል ዳቦ የጎረስሁ መስያለሁ፤ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር። ትናንት ፔዳ አጠገብ ካለ ክሊኒክ የመጨረሻውን መንጋጋዬን አስነቀልሁ። ሐኪሟ ጥጥ አስነክሳኝ፣ "እስከ ማታ አፍሽን እንዳትከፍቺ" አለችኝ። አፍ መዝጋትማ ከዐሥር ዓመቴ ጀምሮ የማውቀው ሥራ ነው።

ያን ቀን ጣና ዳር ስንጫወት አንተ ስምንት ዓመትህ ነበር። የወለቀች የፊት ጥርስህን ጨብጠሃል፤ ያቺን ደጃፍ ላይ ወድቀህ ጫፏን የሸረፍሃትን። ቤት ስንገባ እንደ ልማዱ የጣራው ቆርቆሮ ላይ ልንወረውራት ተስማምተን ነበር። አንተ ግን የዓሣ አጥማጁን ታንኳ ፈተህ ወጣህባት። "ለእማዬ እንዳትነግሪ፣ አሁን እመለሳለሁ" አልኸኝ። አልነገርሁም። ታንኳዋ ባዶዋን ዳር ስትደርስ ገመዷ ተፈትቶ ነው አሉ፤ እኔም ዝም። መጀመሪያ የፈራሁት ዱላ ነበር፤ በኋላ ግን ዝምታዬን ራሱን ፈራሁት።

እማዬ ልጄን ሰው ሰርቆት ነው ብላ አመነች። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐሙሲት ከተማ ትሄዳለች። የጎንደር አውቶቡሶች ሲቆሙ በየመስኮቱ ፊት ታያለች። አሁንማ የምትፈልገው ፂም ያወጣ ልጅ ነው።

ትናንት ከሰዓት መንጋጋዬን በወረቀት እንደተጠቀለለ ይዤ ደጅ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ማደንዘዣው ይሆናል። እንደ ልጅነታችን "ቁራ፣ የኔን ውሰድ፣ ያንተን ስጠኝ" ብዬ በተዘጋ አፌ አጉረመረምሁና ከወረቀቱ አውጥቼ ወረወርሁት። ቆርቆሮው ላይ ሲንከባለል ሰማሁት። ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና መንከባለል ጀመረ፤ ድምፁ ግን ቀለል ያለ ነበር።

እማዬ አጥሚት ይዛልኝ ስትመጣ እግሯ ሥር ወደቀ። አነሳችው። የኔ አይደለም። ትንሽ የወተት ጥርስ ናት፤ ጫፏ ተሸርፏል፣ የጣና እንቦጭ ሥር ተጠምጥሞባታል። ዝናብ ከጣለ ወር አልፎታል፤ እሷ ግን ውኃ ታንጠባጥባለች።

"ይቺ የልጄ ናት" አለች እማዬ ቀስ ብላ። "ሀኒ፣ ከየት መጣች?"

ጥጡን ተፋሁት። ደሙ አገጬ ላይ እየወረደ ሁሉንም ነገርኋት፤ ታንኳዋን፣ ያልኸኝን፣ ፍርሃቴን። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ደሜን በነጠላዋ ጠረገችልኝና፣ "ነገ ሐሙሲት አልሄድም" አለች።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጥርስህን ጨብጣ ጣና ዳር ተቀምጣለች። እኔ መሰላል አስጠግቼ ጣራውን ፈተሽሁ፤ መንጋጋዬ የለም። አንተ ጋ ከሆነ ያዘው፣ ወንድም ዓለም። አንተ ያልደረስህበት ጥርስ ነው።

ዘግይታ የተናገረችው እህትህ፣
ሀኒ