ያልተለሰነው ግድግዳ

ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ ያለሽበት ይመችሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ያው እንደምታውቂው ነው።

አባትሽ ካረፈ ይኸው ሦስት ወር ሆነው። የሠራላችሁን ክፍል ሊለስን ለሳኙ ትናንት መጥቶ ነበር፤ መለስኩት። ምን ላድርግ፣ አባትሽ በግንበኛ እርሳሱ ብሎኬቱ ላይ እንግሊዝኛ ጽፎበታል፤ በሩ አጠገብ «ዶር»፣ መስኮቱ ሥር «ዊንዶው»፣ መሀል ላይ «ዎል»። «የልጅ ልጄ አማርኛ አታውቅ፣ ስትመጣ በምን ላጫውታት?» እያለ በስተእርጅና ተማሪ ሆነ። እኔ ደግሞ፣ ጥርሴ ይርገፍና፣ እስቅበት ነበር።

አሁን ጠዋት ጠዋት እየዞርኩ አነባቸዋለሁ። ጣሪያው ጋ ሳይደርስ ነው የሄደው። ጣሪያ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጻፊልኝ፤ ልጅሽ ስትመጣ በእሱ ፈንታ እኔ እነግራታለሁ።

እሱን ሳልከተለው ቶሎ ያገናኘን።

እናትሽ