ለመቶ ሃምሳ ያርድ የተስተካከለው ጠመንጃ

ሰሜን ሚቺጋን
ኦክቶበር 12 ቀን 1986

ለልጄ ለኪርስቲ፣

ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። እጅሽ ላይ ወጥቶ የነበረው ሽፍታ መጥፋቱን ስሰማ ደስ አለኝ፤ የሆስፒታሉ ሳሙና ነው ብዬሽ አልነበር? እኔ ደህና ነኝ። ብርድ ሲመጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚከፋኝ የለም።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ደብዳቤሽን ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ «ቬርና እንዳለችው» የሚለውን ቆጠርኩት። ስድስት ጊዜ ነው። የዓመት ፈቃድሽን ይዘሽ ከምትሠሪበት ከጀርመን ስትመጪ አባትሽ ዘንድ ዳኮታ ሄደሽ ማደንሽ ይሁን፤ አባትሽ ነው። ጠመንጃሽን አስተካክዬ እንድልክልሽ መጠየቅሽም ይሁን። ነገር ግን «የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ለመቶ ሃምሳ ያርድ አድርጊልኝ፤ ቬርና እንዳለችው ሜዳ ላይ ሃምሳ አያዋጣም» የሚለው ላይ ስደርስ ፊቴ ጋለ። ሃምሳን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላሽ ረግረጉ ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠን «እዚህ ጫካ ውስጥ ከሃምሳ ያርድ አልፎ የሚታይ አጋዘን የለም» ያልኩሽ እኔ ነኝ።

ቬርና አባትሽን ዋይኖን ስትወስድብኝ እንዲህ አላመመኝም። እውነቴን ነው። ዋይኖ ሲሄድ እንዲያውም ቤቱ ሰፋኝ። አምና የላክሽልኝ ፎቶ ላይ ግን የእሷን ካፖርት ለብሰሽ፣ ትከሻዋን ተደግፈሽ ስትስቂ አየሁሽ። ፎቶውን መሳቢያ ውስጥ በፊቱ ደፋሁት።

ረቡዕ ዕለት ጎረቤታችንን ጋሼ ኡርሆን ይዤ ለተኩስ ሙከራ ወደ አሸዋ ማውጫው ሄድኩ። ሰባ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፣ አንድ ጆሯቸው አይሰማም፤ መነጽር ማስተካከል ላይ ግን ዛሬም የሚስተካከላቸው የለም።

«ኪርስቲ የት ልታድንበት ነው?» አሉኝ።

«እዚሁ ነዋ!»

«እንግዲያው ሃምሳ ነው። ምን ያጨቃጭቃል?»

ሃምሳ ላይ አስተካከልነው። ሦስቱም ጥይት የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን በምታክል ቦታ ገቡ። ቤት ስመለስ ፕላስተር ቆርጬ ሰደፉ ላይ ለጠፍኩና «150» ብዬ ጻፍኩበት። ያሰብኩትን ልንገርሽ፦ ቬርና አጠገብሽ ተቀምጣ፣ አንቺ ተኩሰሽ ስትስቺ፣ ምክሯ ከንቱ መሆኑን እንድታይ ነበር። ከዚያ «ምነው እናቴን በሰማሁ» እንድትዪ ነበር።

ጠመንጃውን ለአጎትሽ ልጅ ለታይስቶ ሰጠሁት። ዓርብ ጠዋት እንጨት ጭኖ በዳኮታ በኩል ስለሚያልፍ፣ አባትሽ ቤት ሊያደርስልኝ ነበር።

ሐሙስ ምሳ ስበላ ስልክ ጮኸ።

«ወይዘሮ ሌምፒ፣ ቬርና ነኝ። ደፍሬ ነው የደወልኩት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምነው? ዋይኖ ታመመ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው። ስለ ኪርስቲ ጠመንጃ ነው። መቶ ሃምሳ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ጠመንጃውን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ጥይቱ ዝግተኛ ነው ብላኛለች። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ተሳስቼ ይሆን?»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። እሷ ቀጠለች።

«አምና አንዷን አጋዘን ከሩቅ ተኮስኩባት። ጥይቱ ወርዶ እግሯን ሰበረው። ደሟን እየተከተልኩ እስኪመሽ ሄድኩ፤ አላገኘኋትም። ልጅቷን በርቀት ነገር የምነዘንዛት ከዚያ ወዲህ ነው።»

ለሃምሳ የተስተካከለ የዚያ ጠመንጃ ጥይት፣ ሜዳ ላይ ሁለት መቶ ያርድ ሲደርስ ከስንዝር በላይ ይወርዳል። ደረት ብለሽ ተኩሰሽ እግር ታገኛለሽ። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ ልጄ። የቬርናን ምክር ልመታ ስል እንስሳዋ መሀል መቆሟን ረሳሁ። አንቺም ደም ስትከተዪ እንደምትውዪ ረሳሁ።

«አልተሳሳትሽም» አልኳት። ስልኩን ዘጋሁት።

የጫማዬን ክር እንኳ ሳላስር ታይስቶ ቤት ደረስኩ።

«ትናንት ሰጥተሽኝ ዛሬ ትወስጃለሽ? የልጅ ጨዋታ ነው እንዴ?» አለኝ።

«መልስልኝ። ነገ ከመነሳትህ በፊት ታገኘዋለህ።»

ጋሼ ኡርሆ ደግሞ ጠመንጃውን እንደገና ተሸክሜ ስመጣ በር ላይ ጠበቁኝ።

«አሁንስ ምን ሆንሽ?»

«ዳኮታ ነው የምታድነው። ሜዳ ላይ።»

«ትናንት እዚሁ ነው አላልሽም?»

«ዋሽቼ ነው።»

ሳቁ። «ይቺ ቅናትሽ አንድ ፓኬት ጥይት ልታስበላን ነው» አሉና ኢላማውን ብብታቸው ስር አድርገው እርምጃቸውን እየቆጠሩ ሄዱ። ያሳፈረኝ ሳቃቸው ነው፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

አሁን በእውነት መቶ ሃምሳ ላይ ነው። መቶ ያርድ ላይ ካገኘሽው ጥይቱ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ይላል፤ ሁለት መቶ ላይ ግማሽ ስንዝር ይወርዳል። መሀል ደረቱ ላይ ካነጣጠርሽ በሁለቱም አትስቺውም። ከሁለት መቶ አልፎ ከቆመ ግን ተዪው፣ ይሂድ። ይህን የምልሽ እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለም። ታይስቶ ዓርብ ጠዋት ይዞልሽ ሄዷል።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ ደግሜ አልዋሽሽም። ዛሬም ጠዋት ድስት ሳጥብ፣ ያቺ ሴት መልካም ሰው መሆኗ አናደደኝ። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

ኖቬምበር 15 አደኑ ሲከፈት እኔ እንደ ወትሮው ረግረጉ ዳር እቀመጣለሁ። ታይስቶ አብሬሽ ልሁን ብሎኝ ነበር፤ ከጎኔ ያለው ቦታ ተይዟል አልኩት። ወደ ጀርመን ከመመለስሽ በፊት ሁለት ቀን ከተረፈሽ መነጽሩን ወደ ሃምሳ ለመመለስ ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ካልተረፈሽም ግድ የለም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ አውቃለሁ።

ነፋሱ ከፊትሽ ይምጣልሽ። እጅሽን ያጽናልሽ፤ የተኮስሽው ሳይሠቃይ ይውደቅልሽ። በደህና ገብተሽ በደህና ውጪ።

አባትሽን ሰላም በዪው። ቬርናንም ሰላም በያት፣ ካልረሳሽ።

የምትወድሽ እናትሽ
ሌምፒ