እማዬ፣ ለምን አጨበጨብሽ?

ቡራዩ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የግፊት መድኃኒትሽን በሰዓቱ እየዋጥሽ ነው ወይስ ሻል ሲልሽ እንደ ልማድሽ ትተሽዋል? የተከልሽው ጎመንስ ይህን ሁሉ ፀሐይ ቻለው? ሄመን ደህና ናት። የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ አያቴ ክፍተቱን ሳታይ አዲሱ እንዳይበቅል ብላ ፈርታለች።

ከእሑድ ጀምሮ ስትደውዪ ያላነሳሁት ጠልቼሽ አይደለም። ስልክ ላይ አንቺን አልችልሽም። «በቃ አለፈ» ትይኛለሽ፣ እኔም እሺ ብዬ እዘጋዋለሁ፣ ከዚያ ሳህን ሳጥብ ብቻዬን እናደዳለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። የምታደርስልሽ ላሊሴ ናት፤ ነገ ለሥራ ወደ ሰበታ ትመጣለች። መቼም አትረሻትም፣ ልጆች ሆነን ሱሉልታ አብራን ሞተር ትነዳ የነበረችው ቀጭኗ ልጅ ናት። እባክሽ መነጽርሽን አድርገሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው። መሃል ላይ አጥፈሽ ትራስ ሥር እንዳታስገቢው።

እማዬ፣ ለምን አጨበጨብሽ?

የዳኜ ክለብ የዘንድሮውን የልጆች ሞቶክሮስ የሞተር ውድድር በአባባ ስም ማድረጉ አልከፋኝም። ሙት ዓመቱ ነው፣ ወንድሜም ልጁ ነው፣ ያድርግ አልኩ። የአባባን ፎቶ ግድግዳ አሳክለው ሜዳው መግቢያ ላይ ሲሰቅሉት እንኳን ዝም አልኩ። ከዚያ ዳኜ ማይክ ያዘ። «እኔንና እህቴን ሞተር ላይ ያወጣን አባታችን ነው» አለ። «እሑድ እሑድ፣ በጭቃ በዝናብ፣ አንድ ቀን ሳይቀር እዚህ ሜዳ ላይ ቆሞ ያሳደገን እሱ ነው» አለ። ሰው ዕንባውን ጠረገ። እኔ ዞሬ አንቺን አየሁሽ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ተቀምጠሻል። አጨበጨብሽ። ከሁሉም ቀድመሽ ያጨበጨብሽው አንቺ ነሽ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ባሌ መልከጼዴቅ ቀሚሴን ጎትቶ «ተቀመጪ» ሲለኝ ትዝ ይለኛል። ድምፄ እንደዚያ እንደሚወጣም አላውቅም ነበር። «ውሸት ነው! አባባ የመጣው አንድ ቀን ብቻ ነው!» አልኩ። ዳኜ ማይኩን እንደያዘ ቀረ። መልከጼዴቅ ለሰዉ «ይቅርታ፣ ሰሞኑን ደክሟት ነው» እያለ፣ እየሣቀ፣ ክንዴን ይዞ ወደ መኪናው ወሰደኝ። አንቺ ተከትለሽን መጣሽ። በመስኮቱ ጎንበስ ብለሽ «የሞተ አባትሽን በሰው ፊት አዋረድሽው። እኔ እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩሽ?» አልሽኝ።

ያኔ አልመለስኩልሽም። አሁን ልመልስልሽ። እንዴት አድርገሽ እንዳሳደግሽኝ አንቺ ብትረሺው እኔ አልረሳሁትም።

ዳኜ ስምንት ዓመት ሞልቶት አንድ ቃል ለመጨረስ ይታገል ነበር። አባባ ፊት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ይዘጋበታል። አባባ «ተናገር እንጂ፣ ወንድ አይደለህ?» ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታ ወንድሜ ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬት ያያል። አንድ ቀን የስፌት መኪናሽ ሞተር ተበላሽቶ ሁለታችንንም ይዘሽ ቡራዩ፣ ጋሽ ሰላሃዲን ጋራዥ ሄድሽ። ጋሽ ሰላሃዲን ልጁ ዝም ማለቱን አይተው አንዲት ትንሽ ሞተር ላይ አስቀመጡትና ከኋላ ይዘው ግቢውን አዞሩት። ዳኜ ሣቀ። ከወረደ በኋላ «ጋሼ፣ እንደገና ልንዳ» አለ። አንዴም ሳይሰናከል። እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ግን ፊትሽን አልረሳውም። አፍሽን በእጅሽ ይዘሽ ወደ ግድግዳው ዞርሽ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሽውን ማን አደረገው? አባባ ነው? ጋሽ ሰላሃዲን ከሁለት የሞቱ ሞተሮች አንድ ገጣጥመው ሲሰጡን፣ በምትኩ የደንበኞቻቸውን የመኪና ወንበር ልብስ እየሰፋሽ የሰጠሽው አንቺ ነሽ። ፋብሪካ የእሑድ ፈረቃሽን ከሥራ ጓደኛሽ ከተስፋነሽ ጋር እየተቀያየርሽ፣ ቅዳሜ ሌሊቱን ሽመና ክፍል ቆመሽ አድረሽ፣ እግርሽ አብጦ፣ ጠዋት እኛን ይዘሽ የምትወጪው አንቺ ነሽ። ከሰበታ ቡራዩ በሚኒባስ፣ ከቡራዩ ደግሞ ሞተሩን ጋሽ ሰላሃዲን ፒክአፕ ላይ ጭነን በአስኮ ዞረን ሱሉልታ። ለጉልበታችንና ለክርናችን መከላከያ የሰፋሽልን ከፋብሪካ ቁርጥራጭ ጨርቅና ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ነበር። ቤንዚን ለሞተሩ የሚያደርሰውን ካርቡሬተር በጥርስ ብሩሽ ማጽዳት ተማርሽ። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትተሽ፣ አፍንጫሽ ላይ አስጠግተሽ አሽትተሽ፣ «ቤንዚን በዝቶበታል» ትያለሽ። ወንዶቹ መካኒኮች መጀመሪያ ሣቁብሽ፤ በኋላ እያመጡ ያሳዩሽ ጀመር።

መታጠፊያው ላይ ቀዩን ሳፋ ይዘሽ ስትቆሚ ደግሞ! በአንድ እጅ ከፍ ካደረግሽው ቀስ በል ነው፣ በሁለት እጅ ከሆነ ጋዙን ስጠው። የአጠገቡ ማሳ ባለቤት ሽማግሌ ከአጥራቸው ሆነው «ጀባዱ! ጀባዱ!» እያሉ በኦሮምኛ ሲያበረታቱን፣ ለእኛ ይሁን ለአንቺ አይታወቅም ነበር። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ስነዳ ቡትስ ጫማሽን አድርገሽ ከጎኔ ሮጥሽ። ወደቅኩ። ሞተሩ እግሬ ላይ ሆኖ አለቀስኩ። አላነሳሽኝም። አጠገቤ ቁጢጥ ብለሽ «መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን ልቀቂ፣ ከዚያ እግርሽን፣ ከዚያ ተነሺ» አልሽኝ። ጭቃው ውስጥ ተቀምጠሽ እስክነሣ ጠበቅሽኝ። እንዲህ አድርገሽ ነው ያሳደግሽኝ።

አባባስ? አባባ «ሴትዮዋ አብዳለች፣ ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ» ነበር የሚለው። ዳኜ አሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ ለትልቁ ውድድር ሊዘጋጅ ሞተሩን ቤት አምጥቶት ሳለ፣ በዋዜማው ካርቡሬተሩን ፈትቶ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ የጣለው ማን ነው? እኔና ዳኜ መኝታ ቤት ሆነን ጩኸቱን ሰማን፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ጠዋት ግራ ዓይንሽ አብጦ ነበር። «ሞተሩን ሳስነሣ ፔዳሉ መትቶኝ ነው» አልሽን። ካርቡሬተር የሌለው ሞተር እንዴት ይነሣል! ዳኜ አምኖሽ ሞተሩን በእርግጫ መታው፣ አንቺን ስለመታ። እኔም አመንኩሽ። አንቺ ግን ያን ጠዋት በዚያ ዓይንሽ ቡራዩ ደርሰሽ ሌላ ካርቡሬተር ተውሰሽ በጋሽ ሰላሃዲን ፒክአፕ መጣሽ፤ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጋሽ ሰላሃዲንና አንቺ ተንበርክካችሁ ስትገጥሙት ውድድሩ ሊጀመር ሩብ ሰዓት አልቀረውም ነበር።

ዳኜ አንደኛ ወጣ። አባባ የመጣው ያን ቀን ነው፣ እሱም የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጎትተውት። ካፖርቱን ለብሶ ዋንጫውን ከዳኜ ጋር አነሣ። ግድግዳ አሳክለው የሰቀሉት ፎቶ እሱ ነው። አንቺ ለምን እንደሌለሽበት ልንገርሽ? ፎቶ አንሺው ሲጠራሽ አባባ በጆሮሽ «እንዲህ ሆነሽ አጠገቤ እንዳትቆሚ» ስላለሽ ነው። ፒክአፑ ጀርባ ሄደሽ ጭቃሽን ስታራግፊ እኔ አጠገብሽ ነበርኩ።

አሁን የባሰውን ልንገርሽ። ማክሰኞ ዳኜ እዚህ መጣ። ልጣላው ተዘጋጅቼ ነበር። ሶፋው ላይ ተቀምጦ አንድ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። እሑድ ያነበበው ንግግር ነው፤ ጽሕፈቱ የአንቺ ነው። «እማዬ ናት ጽ... ጽፋ የሰጠችኝ» አለኝ። እማዬ፣ ስንት ዓመት ቀጥ ብሎ ሲናገር የኖረው ልጅሽ እዚህ ሶፋ ላይ እንደ ድሮው ታሰረበት። «ልጆቼ ስለ አያታቸው ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው? እንዲህ በላቸው አለችኝ። ስ... ስደጋግመው እኔም አመንኩት» አለኝ። ይቅር በለኝ ማለት አቃተኝ። እሱም አልጠየቀኝም።

ለምን እንዳደረግሽው የሚገባኝ ይመስለኛል። ልጅ ያለ ጥሩ አባት አይቆምም ብለሽ፣ የጉልበት መከላከያውን እንደሰፋሽልን፣ አባትም ከቁርጥራጭ ሰፍተሽ ሰጠሽን። ጨርቁ ግን አንቺ ነበርሽ። ራስሽን ቆርጠሽ ነው እሱን የሰፋሽው። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። አባባ ላይ እንኳን እንዲህ አልተናደድኩም፤ እሱ ሞቷል። አንቺ ግን በሕይወት እያለሽ ነው ራስሽን ከሜዳው ያወጣሽው።

ደግሞ እኔ ማን ነኝና እቆጣሻለሁ? ሰኞ ጠዋት የሆነውን ልንገርሽ፣ ከዚያ እጨርሳለሁ።

ሄመን ዩኒፎርሟን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ሳደርግላት ነበር። ከእሑድ ማታ ወዲህ በአንድ እጄ ስለሆነ አልሆንልሽ አለኝ። «ቲቸር ስለ እጅሽ ከጠየቀችኝ፣ የመኪና በር ነው እላለሁ፣ አይደል?» አለችኝ። እኔ እንዲህ በዪ አላልኳትም ነበር። ከዚህ በፊት ያልኳት ጊዜ አለ፤ «ቁም ሳጥኑ ነው» ብያት አውቃለሁ፤ «አባዬ እኮ በጣም ነው የሚወደን» ብያትም አውቃለሁ፣ አንዳንዴ በቀን ሁለቴ። የሰኞውን ግን ራሷ ነው ያዘጋጀችው። ስድስት ዓመቷ ነው እማዬ። እኔ ያንቺን ፔዳል እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ አምኛለሁ፤ እሷ አላመነችም፤ ልትረዳኝ ነው የፈለገችው።

ካልሲዋን ሳልጨርስ ተነሣሁ። አንድ ሻንጣና የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ይዘን ወጣን። ከሰኞ ጀምሮ ቡራዩ ላሊሴ ቤት ነን። ጽሕፈቴ ቢጣመምብሽ አትዘኚ፣ በግራ ነው የጻፍኩት፤ ቀኝ እጄን ጤና ጣቢያ አሽገውልኛል፣ ሦስት ሳምንት ነው ያሉኝ። አስተምርበት የነበረውን የመንጃ ማሠልጠኛ ሰዎችም ደውዬ አነጋግሬያቸዋለሁ። አምና ሥራውን ያቆምኩት ቤት መዋል አምሮኝ እንዳልሆነ አሁን ሳልነግርሽም ይገባሻል። እጄ ሲድን ተመለሺ ብለውኛል።

መልከጼዴቅ አንቺ ጋ ደውሎ እንደሚሆን አውቃለሁ። በትሕትና ነው የሚያወራሽ፤ እማማ እማማ እያለ፣ ምናልባትም እያለቀሰ። ስሚው፤ አልከለክልሽም። የት እንዳለሁ ግን አትንገሪው። ለእኔም «ታገሺ፣ ለልጅሽ ስትዪ» እንዳትዪኝ። ይህን ካልሽኝ አልመጣም፤ ላሊሴ ጋ ጨርቅ አንጥፌ እተኛለሁ። አንቺ ለልጆችሽ ስትዪ የታገሥሽውን ትዕግሥት እሑድ ማይክ ላይ ሰማሁት፤ አልፈልገውም።

ይህን ካላልሽኝ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በፊት እንመጣለን። ትንሿን ክፍል አስለቅቂልን፤ ሳጥኖቹን ራስሽ እንዳታነሺ፣ ዳኜ ይምጣና ያንሣ። ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሏል፤ አንቺንም የሚያነጋግርሽ ነገር አለው፣ ሲታሰርበት አታቋርጪው።

ሰውን ታውቂዋለሽ፤ ሻንጣ ሲያይ ይጠይቃል። እንግዲህ ጎረቤት አጥር ላይ ቆማ «ልጅሽ ምነው በደህና?» ስትልሽ፣ ለጥየቃ ነው የመጡት እንዳትዪ። ቤቷ ገባች በዪ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ እንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልሽ። ዕድሜሽ ይርዘምልኝ፤ የምጠይቅሽ ብዙ ነው፣ የምትነግሪኝም።

ሄመን ሳሚልኝ ብላለች።

ጯሂዋ ልጅሽ