የእሑዱ ድምፅ የላፖ ሞተር አይደለም

ለስበት ሞገድ መቅጃ ጣቢያ ዳይሬክተር
ለተከበሩ ዶክተር ሬናቶ ባልዳሲ
ፒሳ

ቀን፦ ኦክቶበር 16

ጉዳዩ፦ ባለፈው እሑድ የተሰማው ድምፅ ከጥቁር ጉድጓዶች ቆጠራ እንዳይሰረዝ ስለመጠየቅ

ክቡር ዳይሬክተር፤ እኔ አመልካች ላፖ ቢንዲ በጣቢያው ሣር አጫጅ ስሆን፣ ትምህርቴን ከመካከል ያቋረጥኩ መሆኔን ቀድሜ አስታውቃለሁ። ከዚህ በታች ያለው ፊዚክስ ከተሳሳተ ጥፋቱ የዶክተር ፊያሜታ ስካርሴላ አይደለም፤ እሳቸው በደንብ ነው ያስረዱኝ።

1. ዶክተር ፊያሜታ ከኮከብ ሞት ሳይሆን ገና በፍጥረት የመጀመሪያ ቅጽበት የተወለዱ ጥንድ ጥቁር ጉድጓዶች በየስንት ጊዜው እንደሚዋሃዱ ለማወቅ ዓመታት ጆሯቸውን ሰጥተው ኖረዋል። እስካሁን አንድም ስላልተሰማ ማለት የሚችሉት «ከዚህ በላይ አይበዛም» ብቻ ነው። ይህም አንድን ሰው «ስንት ልጅ አለህ?» ሲሉት «ከሃያ አይበልጡም» እንደማለት ነው።

2. ባለፈው እሑድ እኩለ ቀን ላይ ግን ድምፅ መጣ። ከወፍራም ተነስቶ እየቀጠነና እየፈጠነ ወጣ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ሲሰላ ሁለቱም ጉድጓዶች ከፀሐይ የቀለሉ ሆኑ። የሞተ ኮከብ ያን ያህል ቀላል ጉድጓድ አይወልድም፤ ስለዚህ የጥንቶቹ ናቸው ማለት ነው። ዶክተሯ ወንበር ላይ ወጥተው ቆመው እንደነበር ከጥበቃው ሰምቻለሁ።

3. ደስታው የቆየው እስከ ሰኞ ጠዋት ነው። ክቡርነትዎ በስብሰባው ላይ «ይሄማ ላፖ ነው» አሉ፤ አዳራሹ ሳቀ፤ አለቀ። እርግጥ ኤፕሪል ላይ ባለ ሦስት ጎማዬን ሞገዱን በሚይዘው በሰሜኑ ረጅም ቱቦ ጎን እያስጮህኩ ነድቼ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን በሙሉ «ሞገድ መጣ» አሰኝቼ ከመቀመጫው አስነስቻለሁ። ማስጠንቀቂያውንም ፈርሜ ተቀብያለሁ። አሁን ደግሞ እህት ጣቢያዎች ለጥገና ተዘግተው፣ የሰሜኑ ቱቦ የመሬት ንዝረት መለኪያም ተነቅሎ ስለነበር ለድምፁ የሚመሰክር ሌላ ጆሮ የለም። ያለው የእኔ ስም ብቻ ነው፤ ስሜ ደግሞ እንደሚያውቁት ነው።

4. ዶክተሯ ማክሰኞ የማጨጃው መጋዘን ድረስ መጥተው «ላፖ፣ አንተ ከሆንክ ንገረኝ፤ አልቆጣህም» አሉኝ። «አይደለሁም» አልኳቸው። «ታዲያ እሑድ የት ነበርክ?» ሲሉኝ ስለ ሣሩ ማውራት ጀመርኩ። ይህንን እንደ እምነት ቃል ቆጥረው «እሺ፣ በቃ» ብለው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

5. በቴክኒክ ረገድ፦ የእኔ ባለ ሦስት ጎማ አራት ማርሽ አለው። በየማርሹ ይተነፍሳል፤ ሦስተኛው ላይ ያስላል። የእሑዱ ድምፅ ግን ከታች እስከ ላይ አንዴም ሳይደናቀፍ ወጥቷል። ሰማይ ማርሽ አይቀይርም።

6. የነበርኩበትን ቦታ በተመለከተ፦ ሊቮርኖ ነበርኩ። አዎ፣ ሊቮርኖ። በየኳስ ጨዋታው ሊቮርኖን ስሰድብ የኖርኩ የፒሳ ልጅ፣ ከጁን ጀምሮ ዲሌታ የምትባል የሊቮርኖ ልጅ እወዳለሁ። እሑድ ከቤተሰቧ ጋር የዓሣ ወጥ እየበላሁ ነበር። አባቷ ሲኞር ኢቫኖ በሩን ሲከፍት «የፒሳ ሰው ደጄ ከሚቆም ሬሳ ቤቴ ቢያድር ይሻለኛል፤ ግባ በል፣ ወጡ ይቀዘቅዛል» አለኝ። ስቀመጥም «ቀና በል እንጂ አንተ፣ እንደ ግንባችሁ አትዝመም» አለኝ። ባለ ሦስት ጎማዬ የፒሳ ቡድን ምልክት ስለተለጠፈበት የሰፈሩ ልጆች ሦስቱንም ጎማ አስተንፍሰውታል፤ እነሱም ምስክሮቼ ናቸው። ሲኞር ኢቫኖም መጥቶ እንዲመሰክርልኝ ስጠይቀው «ፒሳ ከተማ እግሬን አላስገባም» ቢልም፣ ጣቢያው ከከተማ ውጭ መሆኑን ስነግረው «እንግዲያው እመጣለሁ» ብሏል።

ስለዚህ ድምፁ «የሞተር ጩኸት» ከሚለው መዝገብ ወጥቶ ወደ ዶክተር ፊያሜታ ስሌት እንዲመለስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ተመርምሮ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ይጣል፤ በእኔ ጠባይ ምክንያት ግን አይጣል።

ተራ ቁጥር 6 በምስጢር እንዲያዝልኝ ልለምን ነበር። ነገር ግን በስብሰባ ፊት ያልተነበበ ምስክርነት እንደማይጸና ተነግሮኛል። እንግዲያው ይነበብ። ከኋላ ወንበር የሚጮኹት ጓደኞቼ ናቸው፤ ስቀው እስኪጨርሱ ይጠበቁና ከዚያ ጉድጓዶቹ በየስንት ጊዜው እንደሚዋሃዱ ቁጥሩን ዶክተር ፊያሜታ ይናገሩ።

ለዛሬ ብቻ ቀልድ ከሌለበት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ላፖ ቢንዲ
የጣቢያው ሣር አጫጅ